አንድ ጊዜ ሠርቶ የሚወጣው ኢግኒሽን

የፋይዳ መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚሠራው በኮንቴይነር ነው። ስለ ኮንቴይነር ብዙ ይወራል፤ ከሥሩ ስላለው ሲስተም ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። ኮንቴይነር ለማስኬድ ብቻ የተዘጋጁ የሊኑክስ ሲስተሞች አሉ። የሲስተሙ ዋና አካል አይጻፍበትም፣ ማሻሻያው በአንድ ጥቅል ይመጣል፣ አዲሱ አልሠራ ካለ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ማሻሻያ እየወረደ መብራት ቢሄድ እንኳ ሥራ ላይ ያለው ሲስተም አይነካም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰርቨር ላስቀመጠ ሰው ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

እነዚህን ሲስተሞች ለራስ ሥራ የሚያዘጋጁ መሣሪያዎችን የማወዳድረው ማሽኑን መቼ እንደሚያዘጋጁት አይቼ ነው። በቡትሲ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ሙሉውን ሲስተም እንደ ኮንቴይነር ይገነቡታል። ታሎስ ዕድሜውን ሙሉ በኤፒአይ ይታዘዛል፤ ኤስኤስኤችም ሼልም የለውም። ክላውድ-ኢኒት ሲስተሙ እየተነሣ ሳለ ይሠራል፤ አንዳንዱን ሥራ አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱን ማሽኑ በተነሣ ቁጥር። እኔ የምወደው ግን ኢግኒሽንን ነው።

ኢግኒሽን የተወለደው ኮር ኦኤስ በተባለ ኩባንያ ነው። ኩባንያውን ሬድ ሃት በ2018 እ.ኤ.አ. ገዛው፣ ኮንቴይነር ሊኑክስ የተባለው ሲስተሙም በ2020 ተቋረጠ። መሣሪያው ግን በፌዶራ ኮር ኦኤስና የበርሊኑ ኪንቮልክ ባስጀመረው ፍላትካር ውስጥ ይኖራል። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፦ እርስዎ በያምል ይጽፋሉ፣ ቡቴን ወደ ጄሰን ይቀይረዋል፣ ኢግኒሽን ያነብበዋል።

ዋናው ነገር ኢግኒሽን የሚሠራው ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ብቻ መሆኑ ነው። ዋናው ሲስተም ገና ሳይነሣ ዲስኩን ይከፋፍላል፣ ተጠቃሚ ይፈጥራል፣ ፋይል ይጽፋል፣ አገልግሎቶችን ያሰናዳል፤ ከዚያ ይወጣል። እንደ ክርስትና ነው፤ አይደገምም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልደታ ውስጥ ለአንዲት ትንሽ ቢሮ ሰርቨር የሚያስተዳድር ወጣት «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል፤ ፋይሉን አስተካክዬ ሬስታርት ባደርገው ምንም አልተለወጠም» አለኝ። አልተበላሸም። ኢግኒሽን በየማስነሻው ዲስክ ልከፋፍል ቢል የቢሮውን መረጃ ማን ያተርፈዋል? አንድ ጊዜ ብቻ መሥራቱ ጥበቃ ነው። የለወጠው ፋይል ሥራ ላይ እንዲውል የሚፈልግ ማሽኑን እንደ አዲስ ይጭናል። ለዚህም መረጃው ከሲስተሙ ተለይቶ በራሱ ፓርቲሽን መቀመጥ፣ ቅንብሩም ያን ፓርቲሽን እንዳያጠፋው ተደርጎ መጻፍ አለበት። ይህን ያደረገ ሰው ዳግም መጫንን አይፈራም።

ሁለተኛው ጠባዩም ያስመሰግነዋል። ከታዘዘው አንዱ እንኳ ካልተሳካ ማሽኑ አይነሣም። ክላውድ-ኢኒት በተመሳሳይ ሁኔታ ስህተቱን መዝግቦ ሊቀጥል ይችላል፤ ሰርቨሩ ደህና መስሎ ይነሣና የጎደለው ነገር የሚታወቀው ሥራ ሲቆም ነው። ገና ከጅምሩ «አልቻልኩም» የሚል መሣሪያ ይሻለኛል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ቅንብሩ ውስጥ ከኢንተርኔት የሚወርድ ፋይል ካለና መስመሩ ከተቋረጠ፣ ኢግኒሽን ደጋግሞ እየሞከረ ይጠብቃል። ትንንሾቹን ፋይሎች እዚያው ቅንብሩ ውስጥ ይጻፏቸው። በፌዶራ ኮር ኦኤስ ደግሞ ኮርኦኤስ-ኢንስቶለር ቅንብሩን መጫኛው አይኤስኦ ውስጥ ይከትልዎታል።

ሰዓትም ያሳስታል። ዚንካቲ የተባለው የፌዶራ ኮር ኦኤስ አዘማኝ ማሽኑን ዳግም የሚያስነሣበትን ጊዜ መወሰን ይቻላል፤ የሰዓት ክልል ካልነገሩት ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ይቆጥራል። ሌሊት ስምንት ሰዓት አስቦ 08:00 የጻፈ ሰው ሰርቨሩ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ሥራው ሲጧጧፍ ይነሣበታል።

በኤስኤስኤች እየገቡ ኢቲሲ ውስጥ በእጅ የሚነካኩትን ደግሞ እለምናቸዋለሁ፦ ተዉ። ሲስተሙ ስለፈቀደላችሁ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ዲስኩ የተቃጠለ ዕለት ያ ማስተካከያ አብሮ ይሄዳል፤ የሚተካችሁ ሰውም ምን እንደነካችሁ አያውቅም።

ማሽኖቹ ብዙ ከሆኑና የሚሠሩት ኩበርኔትስ ብቻ ከሆነ ታሎስን ይምረጡ። ተራ ኡቡንቱ ለተከራየ ክላውድ-ኢኒት ይበቃዋል። አንድ ሁለት ሰርቨር ላለው ትንሽ ቢሮ ግን ፍላትካር ወይም ፌዶራ ኮር ኦኤስ ከኢግኒሽን ጋር ይሁን። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት አንድ የሙከራ ማሽን አጥፍተው ከፋይሉ ብቻ መልሰው ያስነሡት። የጎደለ ነገር ካለ በእጅ የተጨመረ ነውና፣ ዛሬውኑ ፋይሉ ውስጥ ይጻፉት።