ያውቁ ኖሯል? በቴምብር ላይ ያረፈ ሥዕል

እንጅባራ ወይም ዳንግላ ፖስታ ቤት ጎራ ብለው ደብዳቤ የላኩ አንባቢያን ቴምብሩን በምራቅ አርሰው ለጥፈው ይወጣሉ እንጂ ሥዕሉን ማን እንደሣለው የሚጠይቁ ጥቂቶች ናቸው። እስቲ ዛሬ እንጠይቅ።

● የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በ1886 ዓ.ም. የተዘጋጁት ሰባት ናቸው። አራቱ የዳግማዊ ምኒልክን ምስል፣ ሦስቱ የይሁዳን አንበሳ ይዘዋል። ኅትመቱ የተካሄደው ፓሪስ ሲሆን ቅርጹን ያወጣው ሉዊ ኤዥን ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በስሙ የሚጠራው የፈረንሳይ ቴምብር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1900 ስለሆነ የምኒልክ ቴምብር እሱን ቀድሞታል ማለት ነው!

● እነዚያ ቴምብሮች ግን ከድንበር ወዲያ ዋጋ አልነበራቸውም። ኢትዮጵያ ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የጅቡቲ ቴምብር ይታከልበት ነበር።

● በ1911 ዓ.ም. ስዊዘርላንድ ታትሞ የመጣው ተከታታይ ቴምብር ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስና ዝሆን ነበረበት። ከነገሥታት ፊት ወጥቶ ወደ ሥዕል ያደላ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው።

● ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ለኢትዮጵያ ቴምብሮችን ነድፈዋል። አንኮበር የተወለዱት እኚህ ሠዓሊ በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ስለ አፍሪካ ሕዝቦች ነፃነት የሚተርክ ነው። ያንን ግድግዳ የሚያክል መስታወት የሞላ እጅ፣ በሁለት ጣት በምትያዝ ወረቀት ላይ ሲሠራ ማሰብ ነው እንግዲህ። በኔ ግምት ሁለተኛው ይከብዳል፤ ትልቅ ሥዕል ላይ ተመልካች ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ስህተትን ይምራል፣ ቴምብርን ግን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ነው የሚያየው። አፈወርቅ ራሳቸውን የሣሉበት ሥዕል ፍሎረንስ በሚገኘው የኡፊዚ ሙዚየም ቋሚ ስብስብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የአፍሪካዊ ሠዓሊ ሥራ እንደሆነ ይነገራል።

● በ1956 ዓ.ም. አምስት የኢትዮጵያ ንግሥታትና እቴጌዎች በቴምብር ወጡ፦ ንግሥተ ሳባ፣ እሌኒ፣ ሰብለ ወንጌል፣ ምንትዋብና ጣይቱ። ጎጃሜ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ቢል አይፈረድበትም። እሌኒ ስማቸው ከጎጃሟ መርጡለ ማርያም ጋር የተያያዘ ነው። ምንትዋብን ደግሞ በአካል የሚመስል ሥዕል ማየት ለፈለገ ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት ጥግ ወዳለችው ናርጋ ሥላሴ መሻገር ነው፤ በ18ኛው መቶ ዘመን ራሳቸው ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ከባሕር ዳር ጀልባ ነው፤ ከእንጅባራ ባሕር ዳር ደግሞ ሩቅ አይደለም።

● ሠዓሊዎች በቴምብር ተቆጥተው ያውቃሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1934 ለእናቶች ቀን ብላ ሠዓሊው ዊስለር የሣለውን የእናቱን ሥዕል በቴምብር ስታወጣ፣ ከሥዕሉ ጎን ቆርጣ ሠዓሊው ያልሣለውን የአበባ ማሰሮ ጨመረችበት። የአገሩ ሠዓሊዎች ማኅበር አቤቱታ አሰማ። እውነታቸውን ነው! የሰው ሥራ ላይ አበባ መትከል ምን ይሉታል?

● ስፔን እ.ኤ.አ. በ1930 ሠዓሊው ጎያ የሣላትን እርቃን ሴት በቴምብር ስታወጣ አንዳንድ አገር ደብዳቤውን አልቀበልም ብሎ መልሷል ይባላል።

● ሞና ሊዛ እ.ኤ.አ. በ1952 ምዕራብ ጀርመን ባወጣችው ቴምብር ላይ ነበረች፤ ምክንያቱ የሣላት የሊዮናርዶ 500ኛ የልደት ዓመት ነው። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የሠዓሊዎቿን ሥራ በተከታታይ በትልልቅ ቴምብር ማውጣት ያዘች፤ ብራክ፣ ማቲስና ሴዛን ከመጀመሪያዎቹ ናቸው።

● ነገሩ ሲበዛ ደግሞ ገበያ ይሆናል። በ1960ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አጅማንና ፉጃይራን የመሳሰሉ የባሕረ ሰላጤው ትንንሽ ኤሚሬቶች ለደብዳቤ ሳይሆን ለሰብሳቢ ኪስ የታለሙ የታዋቂ ሥዕል ቴምብሮችን አጥለቀለቁ። ሰብሳቢዎች ዛሬም ዋጋ አይሰጧቸውም።

● የዓድዋ ድል መቶኛ ዓመት በ1988 ዓ.ም. ሲከበር መታሰቢያ ቴምብር ወጥቷል። የዓድዋ ሥዕል ሲባል የሚታወሰው ከሠራዊቱ በላይ በነጭ ፈረስ የሚታየው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ፈረስ የሌለበት የዓድዋ ሥዕል ብርቅ ነው። በዓድዋ የተሠዉትን ፈረሶች ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ ያንኑ ትዝታ በሕይወት ያሳያል። ብሩሽ ያላችሁ የአዊ ልጆች፣ ከዚህ የተሻለ የቴምብር ሥዕል ከወዴት ይመጣል?

● አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ቸርችል ጎዳና ላይ ካለው ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ የፖስታ ሙዚየም እንዳለ ይወቅ።

● በመጨረሻ በእጅዎ ሊገኝ ስለሚችል ቴምብር። ዳንግላ የብሪታንያ ቆንስላ መቀመጫ ነበረች፤ ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ቆንስል ሆኖ ኖሮባታል። በዚያ ዘመን ከሚሠራባቸው ቴምብሮች መካከል የንግሥት ዘውዲቱና የራስ ተፈሪ ምስል ያለባቸው ይገኙ ነበር። ስለዚህ አያትዎ ሣጥን ውስጥ የቆየ ደብዳቤ ካገኙ ቴምብሩን በውሃ አርሰው አይላጡ፣ በማጣበቂያ ፕላስቲክም አይሸፍኑ። የፖስታ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ሙሉ ፖስታ ለሰብሳቢ ከተላጠ ቴምብር ብዙ ጊዜ ይበልጣል። በደረቅ ቦታ፣ ፀሐይ በማያገኘው መጽሐፍ መካከል ያስቀምጡት።