ለቤንች ጭቃ የሚሆን ጎማ

በሸይ ቤንች፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ክረምቱ ከሐምሌና ነሐሴ እጅግ ይሰፋል። ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የቆላው ቡና መቅላት የሚጀምረውም መሬቱ ሳይጠነክር ነው። ከየቀበሌው እሸት ቡና የሚያመላልስ መኪና ከጭቃው ማምለጫ ስለሌለው፣ ሞተሩ ምንም ያህል ጉልበት ቢኖረው የሚያወጣው ጎማው ነው።

ቀዩ አፈር ሲርስ ይጣበቃል። በጎማው ጥርሶች መሀል ይገባና ይጠቀጠቃል፤ ያኔ ጥርሱ ምንም ያልተበላ አዲስ ጎማ እንኳ ልሙጥ ሆኖ ባለበት ይሽከረከራል። ስለዚህ ጎማ ሲገዛ ከጥርሱ ትልቀት ይልቅ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት መታየት አለበት። ክፍተቱ ሰፊ ሆኖ እስከ ጎማው ጠርዝ ከተከፈተ፣ ጎማው በዞረ ቁጥር ጭቃውን ይተፋል። ለማወቅ ከማሳ ወጥቶ ጥቂት ሜትር የሄደን መኪና ጎንበስ ብሎ ማየት በቂ ነው፤ ጥሩው ጎማ ጥርሱ ይታያል፣ መጥፎው ዙሪያውን በጭቃ ተለስኗል።

ይሁን እንጂ ከጅማ በቦንጋ በኩል ሚዛን የሚደርሰው መንገድ አስፋልት ነው፤ መታጠፊያና ቁልቁለትም ይበዛበታል። «ኤም ቲ» የሚባለው የጭቃ ጎማ እዚህ ያሰጋል። ክፍተቱ ሰፊ በመሆኑ አስፋልቱን የሚነካው ላስቲክ ያንሳል፤ ዝናብ ላይ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ አይቆምም። አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት ላይ ለሚውል «ኤ ቲ» የሚባለውን መካከለኛ ጎማ እመርጣለሁ። የጭቃውን ጎማ ቀበሌ ለቀበሌ የሚውል ይግዛው፤ አስፋልት ሲወጣ ግን ፍጥነቱን ይቀንስ።

ፒክአፕ ላይ ሰፋፊ ጎማ ማሰር ያምራል፤ ለዚህ አገር ግን አልመክረውም። አይሱዙና ላንድ ክሩዘር የሚያስሩት 7.50-16 ጎማ ስፋቱ ሰባት ኢንች ተኩል ብቻ ነው፤ ቁመቱ ግን ጥሩ ነው። ከላይ ያለውን ልል ጭቃ ሰንጥቆ ታች ያለውን ጠንካራ መሬት ይይዛል። ሰፊው ጎማ ላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ መከላከያውንም በጭቃ ይሞላዋል።

ዕድሜም ይታይ። በጎማው ጎን «ዲ ኦ ቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 2319 የሚል ጎማ የተሠራው በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ነው። ለዓመታት መጋዘን የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ይደርቃል፣ እርጥብ መንገድም አይይዝም። በአውሮፓ ሕግ የትንሽ መኪና ጎማ ጥርስ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ እዚህ ጭቃ ውስጥ ግን ጎማው እዚያ ሳይደርስ ገና ድሮ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

የአይሱዙ የኋላ ጎማዎች ጥንድ ስለሆኑ አዲሱን ካለቀው ጋር ማጣመር አይገባም፤ ጭነቱ ሁሉ ረጅሙ ላይ ይወድቅና ያፈነዳዋል። በመሀላቸው የተሰነቀረ ድንጋይም ጎናቸውን ስለሚቆርጥ ከጉዞ በፊት መውጣት አለበት።

ባዶ ፒክአፕ ጭቃ ሲይዘው ንፋሱን ጥቂት ማጉደል ይረዳል፤ ጎማው ከስፋቱ ይልቅ በርዝመቱ ተዘርግቶ መሬቱን በደንብ ይይዛል። በጎደለ ንፋስ አስፋልት ላይ መሮጥ ግን ጎማውን አግሎ ስለሚያፈነዳው፣ መኪናው ላይ ፓምፕ የሌለው ሹፌር ንፋስ ባያጎድል ይሻላል። እሱ ሰንሰለት ይሰር።