ለአጋዘን መንገዱ ስንት ሜትር ይሰፋል?

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ግማሽ ሰዓት ያህል በመኪና ሲሄዱ ሜዳው በአንዴ ያልቅና ሮኪ ተራሮች ይጀምራሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ጠባብ የኮረብታ ምድር የኮሎራዶ ነዋሪ ቅዳሜና እሑድ የሚውልበት ነው። ከቦልደር ከተማ ጀርባ ፍላታይረንስ የሚባሉት ቀያይ ድንጋዮች ወደ ሰማይ ጋደል ብለው ቆመዋል፤ አለቱ ወደ 300 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ እንዲያ ያጋደለው የሮኪ ተራሮች ወደ ላይ መነሣት ነው። ከግርጌያቸው የሜዳው ሣርና የተራራው ጥድ ይገናኛሉ። ሁለት ዓይነት ምድር በሚገናኝበት ቦታ የሁለቱም እንስሳት ይኖራሉና አካባቢው በሕይወት የተሞላ ነው፦ ትልልቅ ጆሮ ያለው ሚዩል የተባለው አጋዘን፣ ቀበሮ፣ ቦብካት የሚባለው የዱር ድመት፣ ፑማ፣ በገደሉ ላይ የሚፈለፍሉ ንስርና ጭልፊት። በክረምት ከፍታው በበረዶ ሲሸፈን ከላይ የሚወርደው እንስሳም ማረፊያው እዚሁ ነው።

በዴንቨርና በጎረቤቷ ኦሮራ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። በልጆች ልመና ውሻ ያስገቡ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም፤ ውሻ ካለ ደግሞ ተራራው ይጠራል። የእግር መንገዱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ የሚያገኙት ሰሌዳ ውሻው ይታሰር ወይስ አይታሰር፣ ይግባ ወይስ አይግባ ይነግራል። ሰሌዳው ደንቡን እንጂ ምክንያቱን አይነግርም። ምክንያቱ ግን ከደንቡ ይበልጥ የሚስብ ነው፤ ያወቀውም ሰው ደንቡን ሳይከፋው ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ።

በዓይን ሲታይ የእግር መንገድ ስፋት አንድ ሜትር ቢሆን ነው። እንስሳቱ ግን በሌላ ልክ ይለኩታል። ቤንጃሚን ሌንዝ፣ ሪቻርድ ናይትና ማርክ ብሬናን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን ልክ ለማግኘት በቦልደር ኮረብታዎች ላይ ሠርተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። ውሻ ጨርሶ የማይገባባቸውን መንገዶች፣ ውሻ ያለ ማሰሪያ በባለቤቱ ድምፅ እየታዘዘ ከሚሄድባቸው ጋር አነጻጸሩ። ከመንገዱ በተለያየ ርቀት ላይ የአጋዘን በጠጥ ቆጠሩ፤ የትንንሽ እንስሳትን ዱካ የሚያስቀሩ ሰሌዳዎች መሬት ላይ ዘረጉ፤ የሚያልፈውን ሁሉ በራሳቸው የሚያነሱ ካሜራዎች ተከሉ። ውሻ በማይገባበት መንገድ የአጋዘኑ እንቅስቃሴ ቀንሶ የተገኘው ከመንገዱ እስከ 50 ሜትር ድረስ ነበር። ውሻ በሚገባበት ቢያንስ እስከ 100 ሜትር ዘለቀ። ሽኮኮ፣ ጥንቸልና አይጥ የመሳሰሉትም ውሻ ባለበት ከመንገዱ ዳር ራቅ ብለዋል፤ ቦብካት ብዙም አልታየም። ሬድ ፎክስ የሚባለው ቀበሮ ደግሞ በተቃራኒው ውሻ ባለበት ይበልጥ ታይቷል።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ መሬት ስናወርዳቸው ክብደታቸው ይታያል። መንገዱ በግራና በቀኝ 50 ሜትር ቢያሸሽ፣ በየኪሎ ሜትሩ 10 ሄክታር መሬት ለአጋዘኑ የማይመች ይሆናል። 100 ሜትር ሲሆን 20 ሄክታር ይደርሳል። በተራራው ግርጌ ያለው ምድር ጠባብ ነው፤ ከምሥራቅ ከተማው፣ ከምዕራብ ገደሉ ይገፋዋል። መንገዶቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። አጋዘኑ ከአንዱ መንገድ ሲሸሽ ሌላው ላይ ይደርሳል፤ በክረምት ሣሩ ደርቆ በረዶ ሲወርድ እያንዳንዱ ሩጫ ከበጋ ያጠራቀመውን ስብ ይበላበታል። ያንን ስብ እስከ ፀደይ መልሶ የሚያገኝበት ምግብ የለም።

አጋዘኑ ከሰው ይበልጥ ውሻን የሚፈራው ለምንድን ነው? ውሻ ከተኩላ የወረደ ነው፤ ሰው ያላመደውም ቢያንስ ከ15,000 ዓመታት በፊት ነው። ለእኛ ይህ ረጅም ዘመን ነው። ለአጋዘን ግን በአራት እግሩ የሚሮጥ፣ አፍንጫውን መሬት ለመሬት እየጎተተ የሚመጣ እንስሳ ያው አሳዳጁ ነው፤ አንገቱ ላይ ያለው ቀለበት ምንም አይነግረውም። ሰው ደግሞ በአብዛኛው ከመንገዱ ሳይወጣ፣ እያወራ፣ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል። እንስሳት እንዲህ የሚገመተውን ነገር ቀስ በቀስ ይለምዱታል። እዚያው ቦልደር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሌላ ጥናትም ይህንኑ ያሳያል፦ አጋዘኖቹ ይበልጥ የተረበሹት ሰውና ውሻ ከመንገድ ወጥተው ሲሄዱ ነው። የማሰሪያው ዋና ሥራ እንግዲህ ይህ ነው። ውሻውን መቅጣት ሳይሆን፣ እንስሳቱ በሚያውቁት መስመር ላይ ማቆየት ነው።

ማሰሪያ ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም። በአውስትራሊያ ከሲድኒ በስተሰሜን ባሉ ጫካዎች የታሰሩ ውሾችን ይዘው የተራመዱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳተሙት፣ ውሻ ባለፈበት ቦታ የአዕዋፉ ዓይነት በ35 በመቶ፣ ቁጥራቸው በ41 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ሰዎች ብቻቸውን ሲያልፉ የታየው ቅናሽ ከዚህ ግማሽ እንኳ አልሞላም። አንዳንድ መንገዶች ለውሻ ጭራሹን የሚዘጉት በዚህ የተነሣ ነው፤ በተለይም በመሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች በሚበዙበት ሜዳ።

ውሻው ካለፈ በኋላም የሚቀር ነገር አለ። አንድ ውሻ በመንገድ ዳር ያለ የእንጨት ምሰሶ ሥር ሲቆም ጠጋ ብለው ይዩት። አፍንጫው ይርገበገባል፤ በሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል ያሸታል። ከአፍንጫው ቀዳዳ ጎን ጠባብ ስንጥቅ አለ፤ አየሩን የሚያስወጣው በዚያ በኩል ወደ ጎንና ወደ ኋላ ስለሆነ፣ ከፊቱ ያለውን ሽታ በራሱ ትንፋሽ አያበላሸውም። የሰው አፍንጫ ሽታ የሚቀበሉ 5 ሚሊዮን ያህል ሕዋሳት ሲኖሩት፣ የውሻ ከ200 ሚሊዮን በላይ ነው። ያሸተተውን አሽትቶ ሲጨርስ እግሩን አንሥቶ የራሱን ሽንት ይጨምርበታል። ለሌላ ውሻ ይህ መልእክት ነው። ከጨለመ በኋላ በዚያ ለሚያልፍ አጋዘን ወይም ቦብካት ደግሞ አዳኝ እዚህ ነበር የሚል ምልክት ነው፤ ባለቤቱና ውሻው ቤታቸው ገብተው ከተኙ በኋላም በቦታው ይቆያል።

ኩሱም የራሱ ሒሳብ አለው። የዱር እንስሳ እዚያው የበላውን እዚያው ስለሚጥል ለመሬቱ ያንኑ ይመልስለታል። የቤት ውሻ ግን ከሱቅ የተገዛ ምግብ በልቶ መጥቶ ነው የሚጥለው፤ ከውጭ ማዳበሪያ እንደ ማስገባት ነው። በቤልጅየም በጌንት ከተማ አቅራቢያ የተጠና አንድ ሥራ፣ ውሾች በየዓመቱ በሄክታር 11 ኪሎ ግራም ናይትሮጂንና 5 ኪሎ ግራም ፎስፈረስ በጥብቅ ቦታዎች ላይ እንደሚጨምሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ገምቷል። ደሃ አፈር የለመዱ የዱር አበቦች እንዲህ ያለውን ሲሳይ አይችሉትም፤ ቶሎ የሚያድጉ አረሞች ይሻሟቸዋል። ፎስፈረሱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለው በኩሱ ውስጥ ስለሆነ በላስቲክ ለቅሞ ማውጣቱ ጉዳቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ላስቲኩን ስመለስ አነሣዋለሁ ብሎ መንገድ ዳር ማስቀመጥ ግን ከኩሱ የባሰ ነው፤ የረሳው ሰው ላስቲኩንም ለተራራው ይተወዋል።

ስለ በሽታ ስናነሣ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ዋናው ማስረጃ በራሳችን ተራራ ላይ አለ። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የሚኖረውና አሁን 500 ገደማ የቀረው ቀይ ቀበሮ፣ በባሌ ተራሮች በእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር በሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ በተደጋጋሚ በብዛት አልቋል፤ የበሽታዎቹ ምንጭ በአካባቢው ያሉ የቤት ውሾች ናቸው። ለዚህ ነው የጥበቃ ባለሙያዎች ለዓመታት በየመንደሩ እየዞሩ ውሾችን የሚከትቡት። በኮሎራዶ ደግሞ በሽታ በተቃራኒው አቅጣጫም፣ ከዱር እንስሳ ወደ ውሻ ይመጣል። ፕሬሪ ዶግ የሚባለው ጉድጓድ ቆፍሮ በመንጋ የሚኖር ትንሽ እንስሳ አንዳንድ ጊዜ በቸነፈር ይመታል፤ መንጋው ሲያልቅ ቁንጫዎቹ ሌላ ደም ፍለጋ ይወጣሉ። ጉድጓዱን ሊያሸት የገባ ውሻ ቁንጫውን ተሸክሞ ወደ ቤት ሊያመጣ ይችላል። ክትባቱ ያለቀ፣ የቁንጫ መድኃኒት ያልተደረገለት ውሻ እዚያ ምድር ላይ ባይወጣ ለሁሉም ይበጃል።

ለውሻው ራሱ ትልቁ አደጋ ሙቀት ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮረብታዎቹ ከዚያም በላይ ናቸው። አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩ ኃይለኛ፣ በታችኛው ሜዳ ላይ ጥላው ጥቂት ነው። ሰው በመላ ቆዳው ያልባል። ውሻ የሚያልበው በመዳፉ ሥር ባለችው ትንሽ ቆዳ ብቻ ስለሆነ፣ ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው፤ በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ ሊያለከልክ ይችላል። በምላሱና በአፍንጫው ውስጥ ያለው እርጥበት ሲተን ደሙን ያቀዘቅዘዋል። ይህ እንዲሠራ ውሃ ያስፈልጋል። ፊታቸው ድፍጥጥ ያለ ዝርያዎች የአየር መንገዳቸው ጠባብ ነውና ቶሎ ይሸነፋሉ። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ውሻ ደግሞ ጌታውን ጥሎ መቅረት ስለማይወድ እስኪወድቅ ይከተላል። መቆም ያለበት ሰውየው ነው። በበጋ ማለዳ ተነሥቶ ከረፋድ በፊት መመለስ፣ ለራስ የያዙትን ያህል ውሃ ለእሱም መያዝ፣ ድንጋዩን በእጅ ጀርባ ነክቶ ማየት፤ ለእጅ ከበዛ ለመዳፉም ይበዛል።

ሣሩ ሲደርቅ ሌላ ነገር ይመጣል። ቺትግራስ የተባለው መጤ ሣር ዘሩ የገብስ ጢም ይመስላል፤ ሹል ጫፍ አለው፣ ጎኑ ላይ ያሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች ሁሉ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ናቸው። በውሻው ጣቶች መካከል ከገባ እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ መንጠቆዎቹ መመለሻ አይሰጡትም። ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይጓዛል። ስለዚህ ከእግር ጉዞ በኋላ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት፣ ጆሮውንም መመልከት ይገባል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ በሞቀ ድንጋይ ላይ የሚጋደመው፣ ጭራውን የሚያንኳኳው የሜዳ እባብ አለ። ውሻ ሁሉን በአፍንጫው ስለሚመረምር የሚነደፈው አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ወይም የፊት እግሩ ላይ ነው። ቁስሉን መብጣትም ሆነ እግሩን ጥብቅ አድርጎ ማሰር አይረዳም። ውሻውን ተሸክሞ በፍጥነት ወደ እንስሳት ሐኪም መድረስ ነው የሚያድነው።

ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በዴንቨር ዙሪያ ባሉት አብዛኞቹ ጥብቅ ቦታዎች ውሻ በማሰሪያ መሄድ አለበት። ቦልደር ከተማ ግን ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ ባለቤቱ ከተማዋ የምትሰጠውን ትምህርት ተከታትሎ ተመዝግቦ፣ ለውሻው መለያ ከወሰደ፣ በተፈቀዱ መንገዶች ላይ ያለ ማሰሪያ እንዲሄድ ይፈቅዳል። ግዴታው ውሻው ከዓይን እንዳይርቅና ሲጠሩት ወዲያው እንዲመለስ ነው፤ አጋዘን ከፊቱ ቢሮጥም ጭምር። በእኔ እምነት ይህንን የሚችል ውሻ ብርቅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት በማሰሪያ ማሳለፍ ይሻላል። ከየካቲት መጀመሪያ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በገደሎቹ ላይ ንስርና ጭልፊት ስለሚፈለፍሉ፣ ከጎጆዎቹ አቅራቢያ ያሉ መንገዶች ለሰውም ለውሻም ይዘጋሉ። የሚዘጉት የትኞቹ እንደሆኑ በየመንገዱ መነሻ ላይ ይለጠፋል። ከመኪናው ወርዶ ውሻውን ከመልቀቅ በፊት ያንን ማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።