አልከፈት ስለሚል የምድጃ በር

በአሁኑ ዘመን በብዙ ቤት ከሚገኙት የወጥ ቤት ዕቃዎች አንዱ፥ ከላይ ማብሰያ፥ ከሥሩ ደግሞ የዳቦ መጋገሪያ ኦቨን ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ከእነዚህም ምድጃዎች አንዳንዶቹ ኦቨናቸውን ራሳቸው የሚያጸዱ ናቸው። ይህ ዓይነቱ ምድጃ በተለይ በአሜሪካ አገር እጅግ የተለመደ ስለ ሆነ፥ በዚያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በተከራዩት ቤት ውስጥ ተተክሎ ያገኙታል፤ ወደ አዲስ አበባም ከውጭ አገር እየመጣ የሚገባ አለ። ዛሬ ለአንባብያን የምንገልጸው፥ የዚህ ኦቨን በር ተቆልፎ አልከፈት ሲል፥ ወይም መቆለፍ ሲገባው እምቢ ሲል፥ ባለቤቱ ሊያደርግ የሚገባውን ነው።

በመጀመሪያ መቀርቀሪያው ለምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው መቀርቀሪያውን እንደ ጠላት ቆጥሮ በካቻቢቴ ሊፈነቅለው ይነሣልና። ራሱን የሚያጸዳ ኦቨን ጀነራል ኤሌክትሪክ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ነው። አሠራሩ ሳሙና አይፈልግም። ዳቦ ስንጋግር ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት ይበቃናል፤ በማጽጃው ጊዜ ግን የኦቨኑ ሆድ እስከ 480 ዲግሪ ገደማ ይግላል። በዚህ ሙቀት የፈሰሰው ቅቤና ዘይት፥ የተንጠባጠበው ወጥ ሁሉ ተቃጥሎ ዐመድ ይሆናል፤ ባለቤቱም ከቀዘቀዘ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል። ሥራው እንደ ምድጃው ዓይነት ሁለት፥ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይፈጃል። በዚህ መካከል በሩ ቢከፈት፥ የሚወጣው ትኩሳት የከፈተውን ሰው ፊትና እጅ ይለበልባል፤ ከዚህም በላይ ታፍኖ የቆየው የቅባት ጢስ ድንገት አየር ሲያገኝ ነበልባል ሊያነሣ ይችላል። የበሩ እጀታ ደግሞ ገና ድክድክ ለሚል ሕፃን ሳይቀር የሚደርስ ነው። ስለዚህ መቀርቀሪያው የሚጠብቀው ሰውን ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ከበሩ በላይ ባለው ጠርዝ ውስጥ አንድ መንጠቆ አለ። አንዲት ትንሽ ሞተር ስትዞር መንጠቆው ወጥቶ በሩን ይይዛል፤ እንደ ገና ስትዞር ይለቀዋል። ከሞተሯ አጠገብ ጥቃቅን ስዊቾች ተተክለዋል፤ መንጠቆው ወደ አንዱ ወገን ሲደርስ ስዊቹን ይጫነዋል፥ ስዊቹም «ተቆልፏል» ወይም «ተከፍቷል» የሚለውን ምልክት ምድጃውን ወደሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክ ቦርድ ይልካል። ቦርዱ ዓይን የለውም፤ በሩ የት እንዳለ የሚያውቀው ስዊቹ በነገረው ብቻ ነው። እንዲሁም የኦቨኑን ሙቀት የሚለካ አንድ ዘንግ አለ፤ በብዙዎቹ ምድጃዎች ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ግድም፥ በአንዳንዶቹም ከዚያ በታች ሳይወርድ ሞተሯ ትከፍት ዘንድ አትታዘዝም። እንግዲህ «መቀርቀሪያው ተበላሸ» ከሚባልባቸው ጊዜያት ብዙዎቹ፥ መንጠቆው ደኅና ሆኖ ሳለ ስዊቹ ወሬውን አዛብቶ የነገረባቸው፥ ወይም ኦቨኑ ገና ያልበረደባቸው ናቸው።

ከዚህም የተነሣ የመጀመሪያው መድኃኒት መታገሥ ነው። ማጽጃው ካበቃ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት፥ ካስፈለገም ሁለት ሰዓት ይጠብቁ፤ በሩን አይጎትቱ፥ ቢላዋም አያስገቡ። በማጽዳት ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ኦቨኑ ቢበርድም በሩ አይከፈትም፤ ሞተሯ ያለ ኤሌክትሪክ አትዞርምና። ይህ ብልሽት አይደለም። መብራቱ ሲመለስ የመሰረዣውን ቁልፍ ተጭነው ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ።

ከዚህ በኋላ ፊት ለፊት ያለውን የቁጥር መስኮት ይመልከቱ። የመቆለፊያ ሥዕል ብቻ ቢታይ፥ ምናልባት ልጆች ቁልፎቹን እንዳይነካኩ የሚያግደው ሌላው መቆለፊያ በርቶ ይሆናል፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉን ለሦስት ሴኮንድ ያህል ተጭኖ በመያዝ ይጠፋል። «ኤፍ» የሚባለው የላቲን ፊደል ከቁጥር ጋር ቢታይ ግን የብልሽት ምልክት ነው። የቁጥሩ ትርጉም እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ፥ ከምድጃው ጋር ከመጣው መጽሐፍ ይመለከቷል። መብራቱ ሲቋረጥ ምልክቱ ሊጠፋ ስለሚችል አስቀድመው በወረቀት ይጻፉት፤ ጠጋኙ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቅዎ እርሱን ነው።

ምልክቱን ከጻፉ በኋላ የምድጃውን ብሬከር አጥፍተው አሥር ደቂቃ ያህል ይቆዩና መልሰው ያብሩት። አንዳንድ ጊዜ ቦርዱ እንደ አዲስ ሲጀምር ሞተሯ እርር ትልና በሩ ይከፈታል። ይህ ካልሆነ ኦቨኑ ፈጽሞ መብረዱን አረጋግጠው፥ የማጽጃውን ትእዛዝ ይስጡና ወዲያው ይሰርዙት፤ ሞተሯ ቆልፋ ለመክፈት ትሞክራለች። በዚህ ጊዜ በሩን ወደ ውስጥ በመዳፍ ጫን ቢሉት መልካም ነው፤ በሩ መንጠቆውን ወደ ውጭ ሲስበው ሞተሯ ልታላቅቀው አቅም ታጣለችና። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፥ ይጎትታል። ማንም ሳያዝዘው ኦቨኑ መጋል ቢጀምር፥ ብሬከሩን አጥፍቶ ባለሙያ ከመጥራት በቀር ሌላ ነገር መሞከር አይገባም።

በሩ አልቆለፍ ሲል ደግሞ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ በሩ በሚገባ አልገጠመም ማለት ነው። የወጣ መደርደሪያ ይኖራል፥ ወይም ከቦታው የለቀቀ የበር ዙሪያ ሙቀት መከልከያ፥ ወይም የተጣመመ ማጠፊያ። የተከፈተ የኦቨን በር ላይ ከባድ ድስት ማሳረፍ፥ ይባስ ብሎም ሕፃን ማስቀመጥ፥ ማጠፊያውን እንደሚያጣምም የታወቀ ነው። በመንጠቆው ላይ ቅባት ደርቆ ቢገኝ ብሬከሩን ካጠፉ በኋላ ሳሙና በነካው ጨርቅ ይጠረጋል፤ ዘይት ግን አይቀባም፥ በማጽጃው ሙቀት ይጨሳልና። የበሩን ዙሪያ ሙቀት መከልከያ መፈግፈግም ጉዳት አለው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ሥራው የባለሙያ ነው። በአሜሪካ ያለው ምድጃ 240፥ በአገራችን ያለው 220 ቮልት ስለሚይዝ፥ ቁልፉን ወደ ዜሮ መመለስ ብቻ ከሞት አያድንም፤ ከሚከፈት በፊት ብሬከሩ መጥፋት አለበት። ተከራይ የሆነ ሰው ደግሞ ለባለቤቱ በጽሑፍ ያስታውቅ እንጂ ራሱ አይፍታው፤ የቤቱ ዕቃ የባለቤቱ ነውና በኋላ ጠብ ያመጣል። ቢሆንም ጠጋኙ የሚያደርገውን ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ቅን ጠጋኝ በመጀመሪያ ስዊቾቹን በቴስተር ይለካል፤ ስዊቹ ሲዘጋ መለኪያው ወደ ዜሮ ኦም መውረድ፥ ሲለቀቅም መቋረጥ አለበት። ቀጥሎ የሙቀት መለኪያውን ዘንግ ይለካል፤ በብዙዎቹ የአሜሪካ ምድጃዎች ይህ ዘንግ በተራ የቤት ሙቀት 1,080 ኦም ገደማ ያሳያል። ከዚያም ሞተሯን፥ በሙቀት የተቃጠለ ሽቦንና ኦቨኑ ከልክ በላይ ሲግል የሚቋረጠውን ፊውዝ ይመረምራል። ቦርዱ የመጨረሻው ነው፤ ዋጋውም ከስዊቹ ዋጋ ጋር አይመዛዘንም። ምንም ሳይለካ «ቦርዱ ተቃጥሏል» የሚል ሰው ሲመጣ፥ ስዊቹን እንዲለካ በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር መናገር ይገባል። ብዙ ሰው ኦቨኑን ማጽዳት የሚያስበው የበዓል ዋዜማ ነው። በ480 ዲግሪ ሙቀት ግን የደከመ ፊውዝም ሆነ ያረጀ ስዊች የሚሰናበተው በዚያው ሰዓት ስለ ሆነ፥ ለትንሣኤ ወይም ለገና ሊጡ ተቦክቶ ሳለ በሩ ተቆልፎ ይቀራል። ማጽጃውን ከበዓሉ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፥ ወይም ከበዓሉ በኋላ፥ መስኮት ከፍቶ፥ በውስጡ ያለውን ዕቃ ሁሉ አውጥቶ ማድረግ ይሻላል።

ሊጡ ኩፍ ብሎ በሩ አልከፈት ካለ ደግሞ መደናገጥ አያስፈልግም። ኦቨኑ ከበረደ፥ የላይኛው ማብሰያ አብዛኛውን ጊዜ ከመቀርቀሪያው ጋር ግንኙነት የለውም፥ ይሠራል። ወፍራም ድስት ውስጥ ኮባ አንጥፈው፥ ኮባ ከሌለ ዘይት የተቀባ ወረቀት፥ ሊጡን ይገልብጡበት፤ ክዳኑን ገጥመው በዝቅተኛ እሳት ያስቀምጡት። ላዩ ሲደርቅ በሰፊ ሳሕን ገልብጠው ሌላውን ወገን ያብስሉ። ከኦቨኑ ዳቦ ይልቅ ላዩ ፈዘዝ ይላል እንጂ ውስጡ ደኅና ሆኖ ይበስላል።