ያልሞላ ካርታ ስንት ይከፈልበታል?

እ.ኤ.አ. በ2003 በላስ ቬጋስ የተካሄደው የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ዋና ውድድር 839 ተጫዋቾችን ይዞ ተጀምሮ በመጨረሻ ሁለት ብቻ ቀሩ። አንደኛው የሒሳብ ሠራተኛው ክሪስ መኒሜከር፣ ሌላው ደግሞ ልምድ ያለው ቁማርተኛ ሳም ፋርሃ ነበሩ። አሸናፊውን 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይጠብቀዋል። ከአምስቱ የጋራ ካርታዎች አራቱ ተገልጠው ሳለ ፋርሃ 300 ሺሕ ቺፕ አስያዘ። ጥንድ እንኳ ያልነበረው መኒሜከር 800 ሺሕ አደረሰው። ድፍረት ነው ወይስ ስሌት?

ነገሩን ለመረዳት “ያልሞላ ካርታ” የሚባለውን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ካርታ ቢጨመርለት ጠንካራ የሚሆን፣ ካልመጣለት ግን ባዶ የሚቀር እጅ ማለት ነው። ለምሳሌ ሦስት የጋራ ካርታዎች ተገልጠው፣ ከእርስዎ ሁለት ካርታዎች ጋር አራቱ አንድ ዓይነት ምልክት ቢኖራቸው፣ ካላዩዋቸው 47 ካርታዎች የሚጠቅሙዎት 9 ናቸው። ቀጣዩ ካርታ የመምታት ዕድሉ 19 በመቶ፣ ሁለቱም ቀሪ ካርታዎች ከታዩ ደግሞ 35 በመቶ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የማስያዣ ጣሪያ በሌለው ፖከር ሁለተኛውን ካርታ ለማየት እንደገና ሊከፍሉ ስለሚችሉ፣ ያለዎትን ሁሉ አስይዘው ካልጨረሱ በስተቀር በ35 በመቶው መተማመን አይገባም።

በመሃል 1,000 ብር ተጠራቅሞ ተጋጣሚዎ 500 አስያዘ እንበል። 500 ከፍለው የሚያሸንፉት 1,500 ስለሆነ ዕድልዎ ቢያንስ 25 በመቶ መሆን አለበት። ያለዎት ግን 19 ነው። ስለዚህ መክፈል የሚያዋጣው ካርታው ሲሞላ ከተጋጣሚዎ በአማካይ ከ600 ብር በላይ ተጨማሪ ማግኘት ከቻሉ ነው። እሱ የቀረው ገንዘብ ጥቂት ከሆነ፣ ወይም ሦስተኛውን ተመሳሳይ ምልክት ሲያይ ካርታውን የሚጥል ሰው ከሆነ፣ መተዉ ይሻላል። እንዲሁም ትንንሽ ካርታዎች ይዘው ቢሞላልዎትም በትልቅ ተመሳሳይ ምልክት ሊሸነፉ እንደሚችሉ አይርሱ።

ሁለተኛው መንገድ መኒሜከር የመረጠው ነው፦ ከመክፈል ይልቅ ከፍ ማድረግ። በእጁ የስፔድ ንጉሥና የልብ 7 ነበሩ፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የስፔድ 9፣ 6 እና 8፣ እንዲሁም የዳይመንድ 2። ማንኛውም ስፔድ፣ 5 ወይም 10 ይሞላለት ነበር። ከእሱ አንጻር ካልታዩት 46 ካርታዎች 15ቱ፣ ማለትም ሲሦ ያህሉ ይጠቅሙታል ማለት ነው። ፋርሃ ቢተው ወዲያው ያሸንፋል፤ ቢከፍልም ዕድል ይቀረዋል። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ ሁለት የማሸነፊያ መንገድ አለው።

ፋርሃ ከፈለ። የመጨረሻው ካርታ የልብ 3 ሆነ፤ ምንም አልሞላም። ፋርሃ ሳያስይዝ ሲያልፍ መኒሜከር ያለውን ሁሉ አስያዘ። ጥንድ 9 የያዘው ፋርሃ ቢከፍል ያሸንፍ ነበር፤ ግን ጣለው። ሻምፒዮናውንም መኒሜከር ወሰደ።

ይሁንና የመጨረሻውን ድፍረት ከቀደመው ስሌት ጋር ማምታታት አይገባም። ካርታው ሳይሞላ ከቀረ በኋላ የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የተጋጣሚ ፍርሃት። ስለዚህ ፈጽሞ ካርታ በማይጥል ሰው ፊት ይህን መሞከር ገንዘብን በእሳት ላይ እንደ መጣል ነው። ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ስንት ካርታ ይጠቅመኛል? ዋጋው ስንት ነው? ተጋጣሚዬስ ይተዋል ወይ?