ሰላጣ መቼ ይቆረጥ? የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ጓሮዎች በፊዚክስ ዓይን ሲታዩ

የእህል መድረስ በመልኩ ይታወቃል። ገብሱ ይነጣል፣ የባቄላው እንጨት ይጠቁራል፣ ጤፉም ይጎነበሳል። ገበሬው ለማጨድ የሚጠብቀው ተክሉ የሕይወት ዑደቱን እስኪፈጽም ነው። የሰላጣ ነገር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በተክሉ ሕግ መሠረት ሰላጣ «ደረሰ» የሚባለው አብቦ ዘር ሲሰጥ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ቅጠሉ መራራና ሻካራ ሆኖ ለምግብነት አይውልም። በመሆኑም ሰላጣ የሚተክል ሰው ተክሉ ወደ አበባ ከመዞሩ በፊት ሊቀድመው ይገባል። ለመሆኑ ይህን ጊዜ በምን እናውቀዋለን?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ትርጉሙ ከባድ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ካቀፋቸው ወረዳዎች መካከል ነበሩ። በእንዲህ ያለ አካባቢ በበጋ የሚለማ የጓሮ አትክልት በአብዛኛው በሰው ጉልበት ተቀድቶ በሚመጣ ውኃ የሚኖር ነው። ስሌቱን እንመልከት። በአንድ የበጋ ቀን ከአንድ ካሬ ሜትር መደብ 4 ሚሊሜትር ውኃ ቢተን መጠኑ 4 ሊትር ይሆናል። 5 ካሬ ሜትር የሆነ መደብ እንግዲህ በቀን 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ሙሉ ይፈልጋል። አሥር ቀን ዘግይቶ የመረረ ሰላጣ የቆረጠ ቤተሰብ አሥር ጀሪካን ውኃ በከንቱ ተሸክሟል ማለት ነው።

ቀንን ሳይሆን ሙቀትን መቁጠር

በዘር ፓኬቶች ላይ «በ45 ቀን ይደርሳል» የሚል ጽሑፍ ማንበብ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ተክል የዘመን መቁጠሪያ አያነብም፤ እድገቱን የሚወስነው በየዕለቱ የሚያገኘው ሙቀት ነው። ሰላጣ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች እድገቱ ይቆማል ብለን ብንነሣ፣ ከዕለቱ አማካይ ሙቀት ላይ 4 ስንቀንስ የምናገኘው ቁጥር የዚያን ቀን «ዲግሪ-ቀን» ይባላል።

ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ከወረታ ተነሥተን በደብረ ታቦር በኩል የወልድያን መንገድ ብንከተል፣ የጉናን ተራራ አልፈን 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ወደ ነፋስ መውጫ እንደርሳለን። አየር በ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 8 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይጠበቃል። ለምሳሌ በታችኛው ቦታ አማካዩ ሙቀት 21 ዲግሪ፣ በላይኛው ደግሞ 13 ዲግሪ ነው እንበል። በ21 ዲግሪ በ45 ቀን የሚደርስ ሰላጣ 45 ጊዜ 17፣ ማለትም 765 ዲግሪ-ቀን ያስፈልገዋል። በ13 ዲግሪ ግን በቀን የሚያጠራቅመው 9 ብቻ ስለሆነ 765 ለ9 ሲካፈል 85 ቀን ይሆናል። ፓኬቱ አንድ፣ ዘሩ አንድ፣ ጊዜው ግን እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው። በእርግጥ የፀሐይ ብርሃን፣ የአፈር ለምነትና የውኃ መጠንም የየራሳቸው ድርሻ ስላላቸው ይህ ስሌት የመጀመሪያ ግምት ብቻ ነው። ሆኖም በነፋስ መውጫ ደጋና በስማዳ የበሽሎ ሸለቆ የሚኖሩ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ቀን የዘሩትን በአንድ ቀን እንደማይቆርጡ በግልጽ ያሳያል።

የቅጠሉ ምልክቶች

ግምቱ ከተያዘ በኋላ ወደ ተክሉ ራሱ መመልከት ያስፈልጋል። ቅጠሉ ተበትኖ የሚያድገው የሰላጣ ዓይነት ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ሲሆን የውጪዎቹን ቅጠሎች መቅጠፍ ይቻላል። የመካከለኛው እምቡጥ እስካልተነካ ድረስ አዳዲስ ቅጠል ስለሚያወጣ ከአንድ ተክል ደጋግሞ መሰብሰብ ይቻላል። እንደ ጥቅል ጎመን የሚጠቀለለው ዓይነት ግን በእጅ ጫን ተደርጎ ይፈተናል። የሚሰረጉድ ከሆነ ገና ነው፤ ጠንከር ብሎ ትንሽ ከሰጠ ጊዜው ነው፤ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ግን ሊሰነጠቅና አገዳ ሊያወጣ ተቃርቧል።

ከሁሉም የሚያስቸኩለው ምልክት የተክሉ መካከል ወደ ላይ መመዘዝ ነው። በዚህ ጊዜ ግንዱ ሲቆረጥ ነጭ ወተት በብዛት ይወጣል። የሰላጣ ሳይንሳዊ ስም «ላክቱካ» የመጣውም ወተት ከሚለው የላቲን ቃል ነው። መራራው ጣዕም በአብዛኛው በዚህ ወተት ውስጥ ካለው ላክቱሲንና መሰሎቹ ከተባሉ ውሕዶች የሚመነጭ ነው።

ሰላጣን ወደ አበባ የሚገፉት ረጅም ቀንና ሙቀት ናቸው። በለንደን ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ከ8 ሰዓት በላይ ይበልጣል። ጋይንት በሰሜን ኬክሮስ ከ11 እስከ 12 ዲግሪ መካከል ስለሚገኝ ግን ልዩነቱ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ይበልጥ ሊጠበቅ የሚገባው ሙቀቱና የውኃ እጥረቱ ነው።

ከቀኑ በየትኛው ሰዓት?

የሰላጣ ቅጠል 95 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ቅጠሉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውም በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው የውኃ ግፊት ነው፤ ይህ ግፊት ከመኪና ጎማ ግፊት ሊበልጥ ይችላል። ሌሊት ስቶማታ የተባሉት ጥቃቅን የቅጠል ቀዳዳዎች ስለሚዘጉና ሥሩ ውኃ መሳቡን ስለሚቀጥል፣ ግፊቱ ከፍተኛ የሚሆነው ጎሕ ሲቀድ ነው።

ቀን የሚሆነውን ደግሞ በቁጥር እንየው። ጠል በወረደበት ማለዳ የአየሩ ሙቀት 8 ዲግሪ ቢሆን፣ በውስጡ ያለው የውኃ እንፋሎት ግፊት 1.07 ኪሎፓስካል ይሆናል፤ አየሩም ጠግቧል። ቀትር ላይ ሙቀቱ 23 ዲግሪ ሲደርስ ግን አየሩ ለመጥገብ 2.81 ኪሎፓስካል ያስፈልገዋል። የእንፋሎቱ መጠን ካልተለወጠ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ100 ወደ 38 በመቶ ይወርዳል። በዚህ ላይ የ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሳሳ አየር ውስጥ የውኃ ሞለኪዩሎች እንደልባቸው ስለሚሰራጩ፣ በተመሳሳይ ሙቀት ስርጭታቸው በ40 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። ደጋ ቀዝቃዛ ቢሆንም ቅጠል የሚያጠወልገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንግዲህ ሰላጣ የሚቆረጠው ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ነው።

ከዚህ ሕግ የሚወጣው የውርጭ ማለዳ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ቅጠሉ ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ቴርሞሜትሩ 2 ዲግሪ እያሳየ ቅጠሉ በረዶ ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው። የበረደ ቅጠል ቢነካ ሕዋሳቱ ስለሚቀደዱ ሲቀልጥ ይልማል። ስለዚህ ውርጩ እስኪለቅ መታገሥ፣ ማታም መደቡን በጆንያ ወይም በገለባ መሸፈን ይበጃል።

ከተቆረጠ በኋላም ቅጠሉ ይተነፍሳል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመተንፈሱ ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። በመሆኑም ወደ ገበያ የሚሄድ ሰላጣ በጥላ ሥር ሆኖ በእርጥብ ጨርቅ ቢሸፈን፣ የሚተነው ውኃ ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል። ሳይበስል የሚበላ ስለሆነ ግን በንጹሕ ውኃ በሚገባ መታጠብ አለበት።

ይህ ትምህርት ለሰላጣ ብቻ የሚሆን አይደለም። የአበሻ ጎመንም ለጋ ቅጠሉ ከሥር እየተቀጠፈ የሚበላው አገዳ እስኪያወጣና ቢጫ አበባውን እስኪያሳይ ነው። ከዚያ በኋላ የቀሩት ጥቂት እግሮች ለዘር ይተዋሉ፤ የጎመን ዘሩም ምጣድ ለማሰስ ይውላል። እናቶቻችን ተክሉ የሚቀጠፍበትንና የሚተውበትን ጊዜ ለይተው ያውቃሉ ማለት ነው።

በመጨረሻም ለተማሪ አንባብያን አንድ ሙከራ እንጠቁማለን። እኩል መጠን ያላቸውን የሰላጣ ቅጠሎች ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ በየሁለት ሰዓቱ አንድ አንድ ቅጠፉ። ቅጠሉን በእንብርቱ በኩል ይዛችሁ አግድም ዘርጉትና ጫፉ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚወርድ በማስመሪያ ለኩ፤ የአየሩንም ሙቀት መዝግቡ። ሁለቱን በአንድ ግራፍ ላይ ስታሰፍሩ በእናንተ ጓሮ ሰላጣ እስከ ስንት ሰዓት ድረስ መቆረጥ እንዳለበት ከራሳችሁ መረጃ ትረዳላችሁ።