በጁባ ለቤት ሥራ ጉልበተኛ መጋዝ ስለ መምረጥ

በጁባ ከተማ የሚኖር ሰው የቤት ዕቃውን በገዛ እጁ ለመሥራት ቢነሣ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት እንጨት ቲክ ነው። የዚህ ዛፍ የትውልድ አገሩ ሕንድና በርማ፣ ታይላንድም ሲሆን፣ በእንግሊዝና በግብፅ የጋራ አስተዳደር ዘመን በኤኳቶሪያ ምድር ተተክሎ፣ ከጁባ ወደ ዬይ በሚወስደው መንገድ እንደ ሎካ ባሉ ስፍራዎች ትልቅ ደን ሆኗል። ልቡን ምስጥም ዝናብም በቀላሉ አይደፍሩትም፤ ስለዚህ ለአልጋም፣ ለበርም፣ ለመስኮትም ተፈላጊ ነው።

እኛም ለልጆቻችን አልጋ ለመሥራት አምስት ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የቲክ ሳንቃ ገዝተን፣ በግቢያችን ባለችው አነስተኛ የጠረጴዛ መጋዝ በቁመቱ መሰንጠቅ ጀመርን። መጋዚቱ ጥቂት እንደ ሄደች ድምፅዋ ወረደ፤ የእንጨቱ ጠርዝ ጠቆረ፤ ጢስም ወጣ፤ በመጨረሻ ዲስኩ በሳንቃው መካከል ተይዞ ቆመ። ያን ጊዜ «ሌላ ጉልበተኛ መጋዝ መግዛት ይገባናል» አልን። ይሁን እንጂ «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት የድካሙን ምክንያት መመርመር ጀመርን።

የመጀመሪያው ምክንያት ዲስኩ ነበር። በቲክ ውስጥ ሲሊካ የተባለ፣ በአሸዋም ውስጥ የሚገኝ ማዕድን አለ፤ እርሱም የመጋዝን ጥርስ ፈጥኖ ያደነዝዛል። ስለዚህ የጥርሱ ጫፍ ካርባይድ የሆነ ዲስክ ያስፈልጋል። የጥርሱም ቁጥር ልዩነት ያመጣል። ስፋቱ 25 ሴንቲሜትር የሆነ ዲስክ፣ እንጨትን በቁመቱ ለመሰንጠቅ 24 ጥርስ ያህል ይበቃዋል፤ አግድም ለመቁረጥ ግን 60 ጥርስ ያለው ይሻላል። ጥርሱ ሲበዛ ሰጋቱራው መውጫ ስለሚያጣ፣ ዲስኩ ይግላል፤ እንጨቱም ያርራል። የእኛ ዲስክ ባለ 60 ጥርስ ነበረ፤ ያውም ደንዝዟል። ደግሞም 3.2 ሚሊሜትር በሚቆርጥ ዲስክ ፈንታ 2.4 ሚሊሜትር የሚቆርጠውን ቀጭን ዲስክ ብንጠቀም፣ ሞተሩ የሚያነሣው እንጨት በሩብ ይቀንስለታል። ዲስኩን በለወጥን ጊዜ ያችው መጋዝ የአልጋውን ሳንቃ ቀስ ብላ ሰነጠቀችው።

ለበር መቃን የሚሆነው ከሰባት ሴንቲሜትር በላይ የሆነው እንጨት ግን አሁንም አሸነፋት። ስለዚህ የጉልበት ጥያቄ እውነተኛ ሆኖ ቀረ።

ሞተሮች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ተሸካሚ በሆኑት ትንንሽ መጋዞች ውስጥ ያለው፣ ካርቦን ብሩሽ ያለው፣ ጩኸቱ ብዙ የሆነ ሞተር ነው። ከባድና ተተካይ በሆኑት መጋዞች ውስጥ ያለው ደግሞ ኢንዳክሽን የሚባለው፣ ድምፁ ዝግ ያለና ሥራ ሲበዛበት የሚታገሥ ሞተር ነው። ገዢው እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት። በትንሹ መጋዝ ላይ የሚጻፈው 1800 ዋት፣ ብዙ ጊዜ ሞተሩ የሚበላው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በኢንዳክሽን ሞተር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ግን ለሥራ የሚሰጠው ኃይል ነው። ስለዚህ 1500 ዋት፣ ማለት ሁለት የፈረስ ጉልበት የሆነው ኢንዳክሽን ሞተር፣ ቁጥሩ ቢያንስም በሥራ ይበልጣል። ሦስት የፈረስ ጉልበት ደግሞ 2200 ዋት ያህል ነው።

ታዲያ ሦስቱን ለምን አንገዛም? መልሱ በኤሌክትሪኩ ላይ ነው። በጁባ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 33 ሜጋዋት የሚሰጥ ጣቢያ ተመርቆ ለከተማይቱ መብራት መስጠት ጀመረ። ሆኖም ብዙ ቤተ ሰብ ጄኔሬተሩን አልጣለም። ኢንዳክሽን ሞተር ሲነሣ፣ በሥራ ላይ ከሚወስደው አምስት ወይም ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ይስባል። ስለዚህ ጄኔሬተሩ የሞተሩን ሦስት እጥፍ ያህል ቢሆን ይመረጣል። ሽቦውም ረጅምና ቀጭን ከሆነ ኃይሉ በመንገድ ይቀራል፤ ቮልቴጁ በመቶ 10 ሲወርድ፣ የኢንዳክሽን ሞተር የመጠምዘዝ ጉልበት በመቶ 19 ይወርዳል። ቀጭኑ ሽቦ ግሎ ቤት እንዳያቃጥልም ያሠጋል። የእኛ ጄኔሬተር አምስት ኪሎዋት ስለ ሆነ፣ ባለ ሁለት የፈረስ ጉልበቱን መረጥን፤ ከወፍራም ሽቦ ጋርም በአጭሩ አገናኘነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን እጅ ነው። ደካማ መጋዝ እንጨት ሲይዘው ይቆማል፤ ጉልበተኛው ግን እንጨቱን ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል፤ እጅንም ወደ ጥርሱ ይጎትታል። ስለዚህ ከዲስኩ በስተኋላ የሚቆመው፣ የተሰነጠቀው እንጨት እንዳይገጥም የሚከለክለው ቀጭን ብረት፣ እንዲሁም የዲስኩ መክደኛ የሌለበትን መጋዝ ዋጋው ቢረክስም አንግዛ። እንጨቱን በመግፊያ ዘንግ እንግፋ፤ ጓንት አናጥልቅ፤ በዲስኩም ትይዩ አንቁም። አሜሪካዊው ስቲቭ ጋስ እ.ኤ.አ. በ1999 የፈለሰፈው መሣሪያ፣ ዲስኩ ሥጋ በነካ ጊዜ በአምስት ሚሊሰከንድ ውስጥ ያቆመዋል፤ አቅም ያለው ሰው ይህን ያለበትን ቢገዛ መልካም ነው። ልጆች ባሉበት ግቢ ሥራው ሲያበቃ መሰኪያውን መንቀል ግዴታ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ዲስኩን፣ ቀጥሎ የምንሠራበትን እንጨት ውፍረት፣ ከዚያም የቤታችንን የኤሌክትሪክ አቅም፣ በመጨረሻ የሞተሩን ጉልበት እንመርምር። መከለያው ግን በማንኛውም ደረጃ ሊቀር አይገባውም። መጋዝ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ ጣት ግን ገበያ የለውም።